ሴራሉንጋ ላይ ወይን ጣልኩ፦ የአንድ ዳሚጃና ማስታወሻ

ሴፕቴምበር 14, 2024

ጣልያን ከገባሁ 9 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ሚላኖ፣ አዲስ አበባ እያለሁ ጋራዥ ነበር የምሰራው፣ እዚህም ጎማ ቤት ከዛ መጋዘን ከዛ ምናምን እያልኩ ቆየሁና ይኸው ለሦስተኛ ዓመት የወይን መኸር ሲደርስ ፒየሞንቴ እየወረድኩ እለቅማለሁ። ዘንድሮ ግን ለቀማ ብቻ አይደለም፣ የራሴን ወይን ልጥል ነው። ለዛ ነው ይሄን የምጽፈው፣ ከተበላሸ የት ጋ እንደተበላሸ እንዲታወቅ።

ቦታው ሴራሉንጋ ዳልባ ይባላል፣ ባሮሎ የሚባለው ወይን እንዲመረትባቸው ከተፈቀደላቸው 11 መንደሮች አንዱ ነው። ዳገቱ ጫፍ ላይ ቀጭን ረጅም ግንብ ቆሟል፣ ከሱ ሥር የትም ዞረህ ብታይ ወይን ነው፣ ጎመን እንኳን የተከለ ሰው አላየሁም። የምሰራላቸው ቤተሰብ ያላቸው 6 ሄክታር ብቻ ነው። ሽማግሌው 79 ዓመታቸው ነው፣ ከሳቸው ሌላ ሚስታቸውና ልጃቸው፣ በቃ ሦስት ሰው። እኛ ሰባት ሆነን ለመኸር እንጨመራለን። ሽማግሌውን ሁላችንም "ባርባ" ነው የምንላቸው፣ በአካባቢው ቋንቋ አጎት ማለት ነው፣ እኔ በሆዴ ጋሼ ነው የምላቸው፣ እሳቸው ደግሞ እኔን "ሜካኒኮ"።

የሳቸው ባሮሎ አንድ ጠርሙስ የሁለት ቀን ደሞዜን ይበላል። ጠጥቼው አውቃለሁ፣ ሁለቴ፣ ሁለቴም በነጻ።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ምሳ ላይ ስለ እናቴ ጠጅ አወራሁ፣ ማሩን በውሃ በጥብጣ፣ ጌሾ ጨምራ፣ ጋኑን በወይራ አጥና ምናምን፣ ባርባ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ያዳምጡኛል። ጌሾው ምን ያደርጋል፣ ስንት ቀን፣ ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ፣ ፖሊስ ጣቢያ የገባሁ እስኪመስለኝ ጠየቁኝ። ከዛ "100 ኪሎ ኔቢዮሎ እሰጥሃለሁ፣ ጥለህ አሳየኝ፣ ግን ባሮሎ ነው ብለህ እንዳታወራ" አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ባሮሎ ለመባል ከኔቢዮሎ ወይን ብቻ መሰራት አለበት፣ ከአንድ ሄክታር ከ8 ቶን በላይ አይለቀምም፣ ቢያንስ 38 ወር መቆየት አለበት፣ ከዛ ውስጥ 18ቱ እንጨት ውስጥ። ከ1980 ጀምሮ መንግሥት ዋስትና የሚሰጠው ስም ነው። የኔ ያው ዳሚጃና ነው።

ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። "ጌሾ ሳይገባበት በምን ይፈላል?" አለችኝ። እርሾው ቆዳው ላይ ነው ያለው እማዬ ብዬ ባስረዳትም አላመነችኝም።

ሴፕቴምበር 28, 2024

የመስቀል ማግስት። ካንቲና ስናጸዳ ዋልን (የወይን ጎተራ በሉት፣ ከመሬት በታች ነው፣ ይቀዘቅዛል)።

ባርባ ጠዋት "ሜካኒኮ፣ ቦቴውን እጠብ" ሲሉኝ መጀመሪያ ዓመት ላይ የሆንኩት ትዝ አለኝ፣ ወደ ውጭ ወጥቼ የነዳጅ መኪና ነበር የፈለግኩት። ቦቴ ማለት እዚህ ትልቁ የእንጨት በርሜል ነው፣ ያንዱ ሆድ 3000 ሊትር ይይዛል። ጋራዥ ያደገ ሐበሻ ጣልያንኛ ሳይማር ግማሹን ያውቃል፣ ቱቦ፣ ፖምፓ፣ ፊልትሮ፣ ካቻቢቴ፣ ሁሉም እዚህ ካንቲና ውስጥ አለ። ዳሚጃናም እንደዛው። አገር ቤት ጓዳ ጥግ የሚቀመጠው ያ ትልቅ ሆዳም ጠርሙስ እዚህም ስሙ ያው ነው፣ 54 ሊትር የሚይዘው ነው የተለመደው፣ ባርባ አንዱን ከአቧራ ውስጥ አውጥተው ሰጡኝ፣ የሸንበቆ ቅርጫቱ አርጅቶ በፕላስቲክ ተቀይሯል።

ቦቴው ከፊት ለፊት ትንሽ በር አለችው፣ ትከሻህን አጣመህ በደረትህ ነው የምትገባው፣ ቀጭን ስለሆንኩ ሁሌ እኔ ነኝ። ውስጡ ጨለማ ነው፣ የእጅ ባትሪ ስታበራ ግድግዳው እንዳለ ያብለጨልጫል፣ ወይኑ ባለፉት ዓመታት የተወው የአሲድ ክሪስታል ነው፣ ሐምራዊ ስኳር የተለጠፈበት ይመስላል። በብሩሽ ስትፈገፍገው ፍርፋሪው አንገትህ ውስጥ ይገባል። ከታጠበ በኋላ ባርባ የድኝ ጥብጣብ ሽቦ ላይ አንጠልጥለው ለኩሰው አስገቡና ዘጉት። አጠኑት በሉት! እናቴ ጋኗን በወይራ ስታጥን ለሽታውም ለንጽህናውም ነው፣ እዚህ ድኙ ሻጋታና ባክቴሪያ እንዳያፈራ ነው፣ ይሄኛው ሽታ ግን ገደል ይግባ፣ እንደ ክብሪት ፋብሪካ አፍንጫ ይሰነጥቃል።

ኦክቶበር 6

አልተለቀመም። ይዘንባል። ዘንድሮ ጸደዩም በጋውም ዝናብ ነበር፣ ፔሮኖስፖራ የሚባለው የቅጠል ሻጋታ ሰውን አሳብዶ ነው የከረመው፣ ዘንቦ ባባራ ቁጥር መዳብ ሲረጩ ነበር። በጁላይ መጨረሻ ደግሞ ያንን አልፎ የተረፈውን ዘለላ እየቆረጥን መሬት ላይ ጣልን። እውነቴን ነው፣ በመቀስ፣ ከየሐረጉ ግማሽ ያህሉን፣ የቀረው እንዲበስል። በመጀመሪያው ዓመት ይሄን ሳደርግ እጄ እምቢ አለኝ፣ እህል መሬት ላይ ሲጣል ዝም ብዬ የማይ ሰው አይደለሁማ። አሁን ለምጄዋለሁ ማለት አልችልም፣ ዝም ብዬ ሌላ ነገር እያሰብኩ እቆርጣለሁ።

ዶልቼቶውና ባርቤራው (ሌሎቹ የወይን ዓይነቶች) ገብቷል። ኔቢዮሎ ቀድሞ ያቆጠቁጥና መጨረሻ ይደርሳል፣ ስለዚህ በጸደይ ውርጭ ያገኘዋል በመጸው ዝናብ ያገኘዋል፣ ከሁለቱም ጭቅጭቅ አለው ማለት ነው።

ኦክቶበር 12

ለቀምን! ጠዋት ጭጋጉ ሸለቆውን ሞልቶት ከኛ በታች ያሉት መንደሮች አይታዩም ነበር፣ ጭቃው ቦት ጫማ ይነጥቃል፣ ነጭ ነገር ነው አፈሩ፣ ሲደርቅ ኖራ ይመስላል ሲረጥብ ሳሙና። ፀሐይ ስትወጣ ደቡብ የሚያየው ወገብ ቀድሞ ደረቀ። ድሮ ሰዎቹ የቱ ማሳ ለኔቢዮሎ እንደሚሆን የሚያውቁት በክረምት በረዶው ቀድሞ የሚሟሟበትን ቦታ እያዩ ነው ይላሉ ባርባ፣ እውነትም ያቺ ወገብ ላይ ናት ምርጧ ወይን ያለችው፣ ታችኛው ረድፍ ለባሮሎ አይደለም።

ማሽን ይሄ ዳገት ላይ አይወጣም፣ ሁሉ ነገር በእጅ ነው። ዘለላውን በግራ እጅ ትደግፋለህ፣ ትቆርጣለህ፣ ገልብጠህ ታያለህ፣ የሻገተ ፍሬ ካለ በመቀሱ ጫፍ ትፈለፍላለህ፣ ከዛ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጣለህ፣ አትወረውርም። ዘንድሮ ከመቁረጡ ይልቅ መፈልፈሉ ነበር ጊዜ የፈጀው። ልጅቷ (የባርባ ልጅ፣ እሷ ናት ካንቲናውን የምትመራው) በየመሀሉ እየመጣች ፍሬ ቀምሳ ዘሩን ትቆረጥመዋለች። እኔንም አስተምራኛለች፣ ዘሩ ቡናማ ሆኖ እንደ ቆሎ ቀው ካለ ደርሷል፣ አረንጓዴ ሆኖ ጥርስ ላይ ከተለጠፈና አፍ ከጨመደደ ገና ነው። ላብራቶሪም ትልካለች ግን ማሳ ላይ የምታምነው ጥርሷን ነው።

የኔ 100 ኪሎ ከታችኛው ረድፍ ተሰጠኝ፣ 5 ሳጥን። ለባሮሎ ያልሆነ፣ ግን ንጹህ ነው፣ ፍሬ በፍሬ እኔው ነኝ የመረጥኩት።

ማታ 4 ሰዓት። ፍሬውን ከእንጨቱ በእጄ ነው የለየሁት፣ የነሱን ማሽን ለ5 ሳጥን አላስነሳም፣ 150 ሊትር የሚይዝ ሰፊ ክፍት ገንዳ ላይ የብረት መረብ አድርጌ ዘለላውን እያሻሸሁ ፍሬው ወደ ታች ይወድቃል። ከዛ ታጥቤ በእግሬ ገባሁበት። ይበርዳል!! ገንዳ ሙሉ ብርድ ነው የገባሁበት። ስኳሩን በባቦ መለኪያ ለካሁት (ብርጭቆ ቱቦ ናት፣ ጭማቂው ላይ ትንሳፈፋለች፣ የቆመችበትን ታነባለህ) 21.5 አለች፣ ሲፈላ ወደ 13 ከመቶ አልኮል ይሆናል ማለት ነው፣ ለእንደዚህ አይነት ዓመት አይከፋም። ሜታቢሱልፊት (እንዳይበላሽ የሚጨመር ዱቄት) 5 ግራም በትንሽ ጭማቂ በጥብጬ ጨመርኩ። ሸፈንኩት። አሁን ብርዝ ነው ያለኝ፣ ቀምሼዋለሁ፣ ልክ ብርዝ፣ ኋላ ላይ ምላስ የሚይዝ ብርዝ።

ኦክቶበር 15

ምንም የለም። ሦስት ቀን። ጆሮዬን ገንዳው ላይ ለጥፌ ሰማሁ፣ ጸጥ። ቴርሞሜትሩ 13 ዲግሪ ይላል። የነሱ ጋን (ብረት ነው፣ ግን ጋን ልበለው) አጠገቤ ሞቆ ይንተከተካል የኔ ሞቷል።

እናቴ፦ "በርዶት ነው ልጄ፣ ብርድ ልብስ አልብሰው።"

ልጅቷ፦ "በርዶት ነው፣ ብርድ ልብስ አልብሰው።"

ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ሲሉኝ ምን እላለሁ፣ አለበስኩት። የላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልቼ ዙሪያውን ከበብኩት። ባርባ ደግሞ ምንም ሳይናገሩ ከነሱ ከሚፈላው አንድ ባልዲ ቀድተው መጥተው ገለበጡልኝ። ጥንስስ ማለት ነው፣ በሌላ ቃል የማስረዳበት መንገድ የለኝም።

ኦክቶበር 16

ተነሳ! ሌሊት። ጠዋት ስከፍተው ቆዳው ሁሉ ወደ ላይ ወጥቶ እንደ ጥቁር ሊጥ ኩፍ ብሏል፣ መሀሉ ተሰንጥቆ ሮዝ አረፋ ይተፋል፣ ሲጠጉት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ በሩቁ ሲዘንብ ዓይነት ድምጽ አለው። ይሄ የወጣው ቆዳ "ካፔሎ" ይባላል፣ ባርኔጣ። በቀን ሦስቴ በእንጨት ወደ ታች መድፈቅ አለብኝ፣ ቀለሙም ታኒኑም (አፍ የሚያጣብቀው ነገር) ያለው ቆዳው ላይ ነው፣ ላይ ከቀረ ደግሞ ይደርቅና ኮምጣጤ ይሆናል። ኔቢዮሎ ቀለሙ ብዙ አይደለም፣ ቆዳው ስስ ነው፣ ወይኑ ሲያልቅ ከጀርባው ጣትህ ይታያል፣ ያየ ሰው ቀላል ወይን ይመስለውና ሲጎነጭ አፉን ይይዘዋል።

ኦክቶበር 19

ባቦ 13። ሙቀት 27። ደህና።

ዛሬ ያሳቁኝን ልጻፍ። ጠዋት ካንቲና ስንገባ ባርባ በር ላይ አስቆሙኝና "ካንዴላ አምጣ" አሉኝ። ካንዴላ! እኔ ካንዴላ የማውቀው ሞተር ላይ የሚታሰረውን ነው፣ የቱ ሞተር ነው እምቢ ያለው ብዬ ትራክተሩ ጋ ሄጄ መፍቻ ይዤ ተመለስኩ። ሻማ ማለታቸው ነው። ወይን ሲፈላ የሚወጣው ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል፣ አይሸትም አይታይም፣ ጎንበስ ብለህ ሁለቴ ስትተነፍስ ራስህን ትስታለህ፣ ሊያወጣህ የገባውም አብሮህ ይወድቃል፣ በየጊዜው ጣልያን ውስጥ በዚህ ሰው ይሞታል። ድሮ ሻማ ዝቅ አድርገው ነበር የሚገቡት፣ ከጠፋ አትገባም። ልጅቷ ሻማ ጠፍቶ ከማየትህ በፊት ራሱ አደገኛ ሊሆን ይችላል ብላ ወገቧ ላይ የምትጮህ መሳሪያ ታስራለች፣ በር ከፍታ ማራገቢያውን ታስነሳለች፣ ባርባ ግን መሳሪያው እየጮኸም እየጮኸ ባይሆንም ሻማቸውን ይዘው ነው የሚገቡት። አገር ቤት ትልልቅ ጉድጓድ ውስጥ እህል የሚያከማቹ ሰዎች ይሄን ነገር ያውቁታል፣ ጉድጓዱ ተከፍቶ ሳይናፈስ አይገባም።

ኦክቶበር 28

ጥፋቴን ልጻፍ። ቅዳሜ የጓደኛዬ ልጅ ክርስትና ነበር ሚላኖ፣ አርብ ማታ ሄጄ ዛሬ ጠዋት ነው የተመለስኩት። "አንድ ሁለት ቀን ባይደፈቅ ምን ይሆናል፣ ፍላቱም ቀንሷል" ብዬ ለማንም አልነገርኩም። ሥራ ያበዛሁባቸው እንዳይመስላቸው ነው፣ እንደኔ ዓይነት ሰው አለ፣ እርዳታ ከመጠየቅ ነገር ማበላሸት የሚቀለው።

ስከፍተው መጀመሪያ የመጣው የአሴቶን ሽታ ነው፣ ሴቶች ጥፍር ቀለም የሚያስለቅቁበት፣ እሱው። ካፔሎው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ትንንሽ ዝንቦች ደመና ሠርተዋል። ፍላቱ ሲቀንስ እኮ ነው የባሰው፣ ከላይ የሚከላከለው ጋዝ እየሳሳ አየር ያገኘዋል። እንጨቱን አንስቼ ልደፍቀው ስል ባርባ ከኋላዬ "ፌርሞ!" አሉ። ከደፈቅኩት ኮምጣጤውን ወደ ሆዱ ነው የምሰድደው። በእጃቸው ከላይ አራት ጣት ያህል እየገፈፉ ባልዲ ውስጥ ጣሉት፣ 7 ኪሎ ወጣ፣ ከሥሩ ያለውን አንስተው አሸተቱ፣ ለኔ ሰጡኝ፣ የቼሪ ሽታ ነው ደህና ነው። አልተቆጡም። "ክርስትናው ጥሩ ነበር?" ብቻ አሉኝ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ኖቬምበር 2

ጨመቅኩ። ባቦዋ ዜሮ ላይ ነች፣ ስኳር አልቋል። መጀመሪያ ሳይጨመቅ በራሱ የሚወርደውን በቱቦ አወጣሁ፣ 52 ሊትር ገደማ፣ የቀረውን ቆዳ ቶርኪዮ ውስጥ ከተትኩ፣ የእንጨት ቅርጫት መሀሉ ላይ ጥርስ ያለው ብረት የቆመበት፣ ላዩ ላይ እጀታውን ስትገፋ ቀጭ ቀጭ እያለ ይወርዳል፣ ክሪክ በግልባጭ በሉት። ቀስ ነው የሚባለው፣ ገፋ፣ ጠብቅ፣ ገፋ፣ ጠብቅ። ከተቸኮለ ዘሩ ይፈጭና መራራ ይሆናል። ጠቅላላ 66 ሊትር ሆነ፦ አንድ ዳሚጃና ሙሉ፣ አንድ ባለ 10 ሊትር ትንሽ፣ አንድ ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ። ትንሿ ለመሙያ ናት፣ ዳሚጃናው ከጎደለ አንገቱ ውስጥ አየር ይገባል፣ አየር ማለት ያ አሴቶን ማለት ነው።

ቀመስኩት። እንዴት ልበላችሁ። ያልበሰለ ሙዝ በልጣጩ የነከስክ ያህል ድዴ ከጥርሴ ጋር ተጣበቀ፣ ከዛ ኮመጠጠኝ፣ ከዛ ግን ቆይቶ፣ ከዋጥኩት በኋላ፣ እንደ ደረቀ ጽጌረዳ ዓይነት ነገር አፍንጫዬ ውስጥ ቀረ።

የነሱ ባሮሎ ገና ከቆዳው አልወጣም። ፍላቱ ሲበርድ ካፔሎው ተመልሶ እንዳይንሳፈፍ በጣውላ ወደ ታች ወጥረው አስረውታል፣ ጭማቂው ከላይ ቆዳው ከሥር፣ እንደዚህ ሆኖ በጠቅላላው 45 ቀን ይቆያል። እኔ በ3 ሳምንት አፍ አጣብቄ በ45 ቀን ምን ሊሆን ነው ስላቸው ልጅቷ በተቃራኒው ነው አለችኝ፣ ታኒኑ እርስ በርሱ እየተያያዘ ይለሰልሳል።

ኖቬምበር 21

የመጀመሪያ ግልበጣ፣ ከአተላው መለየት። ሙሉ ጨረቃ በ15 ነበር፣ ስለዚህ እየጎደለች ነው፣ ባርባ ጨረቃ እየሞላች ወይን አይነኩም፣ ሰማዩም ጥርት ያለ መሆን አለበት። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ይሄንን ነው፣ ስለ ጨረቃው ስጠይቃት "የአየር ግፊቱ ከፍ ሲል አተላው ይረጋል፣ ያ እውነት ነው፣ ጨረቃዋን አላውቅም" አለች፣ ግን እሷም በአባቷ ቀን ነው የምትገለብጠው።

ስከፍተው የበሰበሰ እንቁላል ሸተተኝና ልቤ ወደቀ። አተላው ላይ ታፍኖ ነው፣ ከፍ አድርገህ እያፈሰስክ አየር ስጠው አሉኝ፣ ቱቦውን ከፍ አድርጌ ባልዲ ውስጥ እየተንፏፏ ወረደ፣ ሽታው ግማሹ እዛው ጠፋ። 4 ሊትር ያህል አተላ ሄደ። እንደገና ሞልቼ አንገቱ ላይ ሽታም ጣዕምም የሌለው ለወይን መክደኛ የሚሆን ዘይት አንድ ጣት ጠብ አደረግኩበት፣ ዘይቱ ይንሳፈፍና አየር ይዘጋል፣ እዚህ አገር ዳሚጃና ያለው ሰው ሁሉ እንደዚህ ነው የሚያደርገው።

አንድ ሚላኖ ያለ ልጅ የቤት ወይን ሰው ያሳውራል ምናምን ብሎ ሲያስፈራራኝ ነበር። ለባርባ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። በ1986 ከዚህ ብዙ በማይርቅ ናርዞሌ ከሚባል ቦታ የወጣ ርካሽ ወይን ጣልያን ውስጥ ከ20 ሰው በላይ ገደለ። ሜታኖሉ ፈልቶ የመጣ አይደለም፣ አልኮሉን ከፍ ለማድረግ ሆን ብለው የጨመሩት ነው። በሥርዓቱ የፈላ ወይን ውስጥ ያለው ለዛ የሚበቃ አይደለም። "ያን ዓመት ከዚህ አካባቢ ነኝ ማለት ያሳፍር ነበር" አሉ። ከዛ ነው ብዙዎቹ ጥቂት ግን ንጹህ ወደሚለው የሄዱት፣ በዛው ዘመን ወጣት የነበሩት ደግሞ የአባቶቻቸውን ቦቴ ትተው ወደ አዲስ ትንሽ የፈረንሳይ በርሜል (ባሪክ ይባላል) ገቡ። ኤሊዮ አልታሬ የሚባለው የላ ሞራ ሰው በ80ዎቹ የአባቱን ቦቴዎች በሞተር መጋዝ ቆራርጦ አባቱ ከውርስ ነቅለውታል። በሌላ ወገን ደግሞ ባርቶሎ ማስካሬሎ ነበሩ፣ 5 ሄክታር ብቻ ይዘው ትንሿን በርሜል በፍጹም ያሉ፣ በእጃቸው በሳሉት ኤቲኬታ (ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት) ላይ "ኖ ባሪክ ኖ በርሉስኮኒ" ብለው የጻፉ (በርሉስኮኒ ፖለቲከኛው ነው)፣ በ2005 ነው ያረፉት፣ አሁን ልጃቸው ናት የምትይዘው። ባርባ የቱ ወገን እንደነበሩ ስጠይቃቸው "ትንሽ በርሜል መግዣ ገንዘብ አልነበረኝም" አሉ።

ኖቬምበር 29

የነሱ ወጣ። ከብረቱ ወደ ቦቴ። ማታ ባኛ ካውዳ በላን፣ ነጭ ሽንኩርትና አንቾቪ የሚባል ጨው የገባበት ዓሣ በዘይት ሲንከረፈፍ የዋለ፣ መሀል ላይ ይቀመጥና ሁሉም አትክልቱን እያጠቀሰ ይበላል፣ አንድ ገበታ ነው በቃ። ጾመ ነቢያት ገብቷል፣ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳም። ይሄ የ2024 ባሮሎ ለገበያ የሚወጣው ጃኑዋሪ 1, 2028 ነው፣ ከዛ በፊት በሕግ አይቻልም። ባርባ ጣታቸውን እየቆጠሩ "82" አሉና ወደ ካርዶው (ከሚጠቀሱት አትክልቶች አንዱ ነው) ተመለሱ።

ፌብሩዋሪ 9, 2025

ሁለት ወር ምንም አልጻፍኩም፣ የሚጻፍ ስለሌለ። ሐረግ ስንቆርጥ ከረምን፣ ከአንዱ ግንድ አንድ ረጅም ቅርንጫፍ ብቻ ይቀራል፣ ሌላው ይቃጠላል፣ ጣት አይሰማም።

ወይኑ ግን አሁንም ይኮመጥጣል፣ እንደ ጥሬ ፖም። ለካ ሁለተኛ ፍላት አለ፣ ይሄኛው በእርሾ አይደለም በባክቴሪያ ነው፣ የፖሙን አሲድ ወደ ወተት አሲድ ይለውጣል፣ ሲበርዳቸው ግን ይተኛሉ። ዳሚጃናውን ዘይቱን አጥርቼ፣ ከነቅርጫቱ በጋሪ እየገፋሁ የሞቀ ውሃ ማሽኑ ያለበት ክፍል አስገባሁት፣ 20 ዲግሪ ነው። ባርባ ደረጃው ላይ ቆመው "እንቁላል ነው የተሸከምከው" እያሉ። ዳሚጃና ከተሰበረ የተከፈለ ነገር ሁሉ አበቃ።

ፌብሩዋሪ 20

ጥቃቅን አረፋ፣ አንገቱ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ። ሠራ!

ማርች 22

ሁለተኛ ግልበጣ። ልጅቷ ናሙናውን ከነሱ ጋር ላብራቶሪ ልካልኝ ነበር፣ የፖሙ አሲድ አልቋል፣ የኮምጣጤው መጠን ከፍ ያለ ነው ግን ከገደቡ በታች ነው። ያ የክርስትናው ቅዳሜና እሑድ በቁጥር መጣ ማለት ነው። 0.74 ይላል፣ ወረቀቱን ለጥፌዋለሁ።

ኤፕሪል 15

ጠርሙስ ገባ። ጨረቃ ትጎድላለች፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ሰሙነ ሕማማት ነው። የባርባ ሚስት ባዶ ጠርሙሶቹን ሌሊቱን ሙሉ ዘቅዝቀው ሲያንጠፈጥፉልኝ አድረዋል፣ እኔ ቡሹን ስመታ እሳቸው ይቆጥራሉ፣ 70 ሆነ። ኤቲኬታ የለኝም፣ ነጭ ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ "24" ብዬ ለጠፍኩ።

ባርባ አንድ ብርጭቆ ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ፣ አዩት፣ አዞሩት፣ አሸተቱት፣ ረጅም ጊዜ። "ቫ ቤኔ" አሉ፣ ደህና ነው ማለት ነው። ከዛ ቀመሱና "ክርስትናውም አለ" አሉ። ጠጥተው ጨረሱት ግን።

ኤፕሪል 22

ዘንድሮ የነሱም የኛም ፋሲካ አንድ ቀን ዋለ፣ ኤፕሪል 20፣ ስለዚህ ሁሉም እረፍት ነበር፣ 6 ጠርሙስ በሻንጣ ይዤ ሚላኖ ገባሁ፣ ፖርታ ቬኔሲያ ጓደኞቼ ጋ። ዶሮው ወጥቷል፣ 55 ቀን የጾመ ሆድ ሁሉ ተሰብስቧል፣ እኔ ደግሞ ብርጭቆ አሰልፌ ስለ ጭጋጉ ስለ ታኒኑ እያወራሁ ነው።

አልሄደም! በርበሬና ታኒን ጠላት ናቸው፣ ምላስ በርበሬ ሲያቃጥለው ታኒኑ ሁለት እጥፍ ይመራል አልኮሉም እሳት ይሆናል፣ ይሄን ማሰብ ነበረብኝ፣ ከወጡ በፊት ማቅረብ ነበረብኝ። ከጥብስ ጋር ደህና ነበር፣ ከአይቡ ጋር ደግሞ ጥሩ። እኔ ይሄን እያሰላሁ ልጁን ክርስትና ያስነሳው ጓደኛዬ፣ እሱው ራሱ፣ የ7 ወር ሥራዬን ግማሽ ብርጭቆ ቀዳ፣ ኮካ ከላይ ሞላበት፣ በረዶ ጨመረና "አሁን ገና ወይን ሆነ" አለ። ከዛ በኋላ ሁሉም እንደዛ ጠጡት። 6ቱም አለቀ።

ዛሬ ተመልሼ ምሳ ላይ ለባርባ ነገርኳቸው። ልደብቅ ነበር ግን አልቻልኩም። ሹካቸውን አስቀመጡ። ዝም አሉ። ሚስታቸው ከምድጃው ጋ ሳይዞሩ "ሜካኒኮ፣ አትስማው፣ እሱ ራሱ በወጣትነቱ ማሳ ላይ በጋዞዛ ነበር የሚጠጣው" አሉ።

"ያ ዶልቼቶ ነው" አሉ ባርባ።